ሆያ ሆዬ ልመና ነውን?

የነሐሴ ወር ሲጋመስ፣ ዝናሙ ጥቂት ጋብ ባለበት ምሽት፣ በአዲስ አበባና በሌሎቹም ከተሞቻችን የሚሰማ አንድ ድምፅ አለ። ስምንት ወይም ዐሥር የሚሆኑ ልጆች በአንድ ደጃፍ ቆመው፣ በያዙት ዱላ መሬቱን በልክ እየደቁ፣ አንዱ ሲያወርድ የቀሩት ይቀበሉታል። ይህ ድምፅ ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለም። እኛም በልጅነታችን ጊዜ ድምፃችን ያማረው አውርደናል፤ ያላማረው ተቀብለናል። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ግን የበዓሉን ታሪክ ሳይሆን፣ በቅርቡ ራሳችንን ያስቸገረንን አንድ ጥያቄ ነው። ይኸውም፣ በደጃፋችን ቆሞ ለሚዘፍን ልጅ የምንሰጠው ነገር ምንድን ነው? ምጽዋት ነው? የድካሙ ዋጋ ነው? ወይስ ከኛ ዘንድ ተቀምጦ የቆየ የራሱ ድርሻ ነው? የሚል ነው።

ነገሩ ቀላል መስሎ የሚታየው አንባቢ ይኖር ይሆናል። አንድ ዳቦ ወይም ጥቂት ብር ሰጥቶ ልጆቹን ማሰናበት ሲቻል፣ የስጦታውን ስም መመርመር ምን ይጠቅማል? ይል ይሆናል። ነገር ግን ለሰጠነው ነገር የምናወጣለት ስም የተቀባዩን ማንነት ይወስነዋል። ምጽዋት ካልነው ተቀባዩ ለማኝ ነው፤ ዋጋ ካልነው ሞያተኛ ነው፤ ድርሻ ካልነው ግን ዘመድ ወይም ጎረቤት ነው። አንድ ልጅ ከነዚህ ከሦስቱ የትኛው እንደ ሆነ በዐሥር ዓመቱ በሰው ደጅ ቆሞ ሲማር፣ ትምህርቱ በቀላሉ የሚረሳ አይደለም።

ጥያቄው ወደኛ የመጣው እንዲህ ነው። የምንኖረው ዙሪያውን በግንብ በታጠረና በሩን ዘበኛ በሚጠብቀው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ውስጥ ነው። ከግንቡ ጀርባ ደግሞ ሕንፃው ሳይሠራ አስቀድሞ የነበሩ የጭቃ ቤቶች አሉ። በ2016 ዓ.ም. በቡሔ ዋዜማ ምሽት ከነዚያ ቤቶች የመጡ ልጆች በበራችን ቆመው መዝፈን ጀመሩ። እኛ ከእንግዶቻችን ጋር ራት ቀርበን ነበርና፣ ጨዋታችን እንዳይቋረጥ ብለን ዘበኛውን አስጠርተን አምሳ ብር ሰጠነውና ‹‹ይኸን ስጣቸውና ይሂዱ›› አልነው። ዘበኛው ወርዶ ጥቂት ቆይቶ እየሣቀ ተመለሰ። ‹‹ጋሼ፣ አውራጁ ልጅ ገና አልጨረስንም ይላል›› አለን። ብሩን ተቀብለዋል፤ መሄዱን ግን እንቢ ብለዋል። በውነትም ዘፈኑ ቀጠለ። የምርቃቱ ተራ እስኪደርስ ዘፈኑ፤ መርቀውም ሄዱ። ሊሰማቸው ከገበታ የተነሣ አንድም ሰው አልነበረም።

አንድም ሰው አልነበረም ማለታችን ከአንድ በቀር ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጃችን ከመስኮቱ አልተለየም ነበር። ልጆቹ ከሄዱ በኋላ መጥቶ፣ በማግሥቱ እርሱም ዱላ ይዞ ከነሱ ጋር ይዞር ዘንድ ጠየቀን። እኛም ብዙ ሳናስብ ‹‹የኛ ልጅ በሰው ደጅ ቆሞ አይለምንም›› አልነው። ልጁ ጥቂት ዝም ብሎ ‹‹ታዲያ እነሱ እየለመኑ ነበር?›› አለ። ያን ጊዜ የሰጠነው መልስ እዚህ ሊጻፍ የሚገባው አይደለም። መሽቷልና ተኛ ብለን ሰደድነው።

እርሱ ከተኛ በኋላ ግን ጥያቄው ከኛ ጋር አመሸ።

በውነቱ በሀገራችን ደጃፍ የቆመ ሁሉ ለማኝ ተብሎ አያውቅም። የቆሎ ተማሪን እናስታውስ። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እንዳይነክሰው በትሩን ይዞ ከደጅ ወደ ደጅ ሲዞር ‹‹በእንተ ስማ ለማርያም›› ይላል። የሚጠይቀው ቁራሽ እንጀራ ነው። ሆኖም ባላገሩ ይህን ልጅ ለማኝ ብሎ አይጠራውም፤ ተማሪ ይለዋል። ነገ ደብተራ ወይም መሪጌታ ሆኖ ተመልሶ ልጁን ሊያስተምርለት እንደሚችል ያውቃልና፣ የሚሰጠው ቁራሽ ለትምህርት ቤት የሚከፈል የሕዝብ አስተዋፅዖ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። የሀገራችን የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት አብዛኞቹ ያደጉት በዚህ ቁራሽ ነው።

ላሊበላ የምንላቸውንም አዝማሪዎች እናስብ። ጎሕ ሳይቀድ በደጃፍ ቆመው ያዜማሉ፤ የቤቱን ሰዎች ያሞግሳሉ፤ የተሰጣቸውን ተቀብለው፣ መርቀው፣ ፀሐይ ሳትወጣ ይሄዳሉ። ማዜሙን ቢተዉት ደዌ ያገኘናል ብለው እንደሚያምኑ ይነገራል። ሰው ሁሉ ሞያቸውን አያከብርም፤ ነገር ግን ከእንቅልፉ ተቀስቅሶ የተቆጣ ሰው እንኳ ባዶ እጃቸውን ሊሰዳቸው ይፈራል፤ ምርቃት የሚሰጥ አፍ ሌላም ነገር ሊሰጥ ይችላልና።

እንግዲህ የቡሔው ልጅ ከነዚህ ከማን ወገን ነው? እንደ ተማሪው በስመ ማርያም አይለምንም፤ እንደ ላሊበላውም ሞያው አድርጎ ዓመቱን ሙሉ አይኖርበትም። ሊቃውንት የሚተርኩት የበዓሉ ምክንያት ነገሩን ይገልጥልናል። ጌታ በደብረ ታቦር ብርሃነ መለኮቱን በገለጠ ጊዜ፣ በተራራው አጠገብ የነበሩ እረኞች ብርሃኑን አይተው ቀኑ ያልመሸ መስሏቸው በዚያው ቆዩ። በቤት ያሉት ወላጆች ልጆቻቸው በመዘግየታቸው ተጨንቀው፣ ችቦ አብርተውና ዳቦ ይዘው ፍለጋ ወጡ፤ ነሐሴ 13 ቀን ችቦ የሚበራውና ሙልሙል የሚጋገረው የዚህ መታሰቢያ ነው ይላሉ። ትረካውን ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል፤ አንዲቱን ነገር ግን ልብ ሳንላት ቆይተናል። በትረካው ውስጥ ዳቦውን ፍለጋ የሄደው ልጁ አይደለም። ዳቦው ነው ልጁን ፍለጋ የሄደው። ያ ዳቦ ምጽዋት አልነበረም፤ በሜዳ ለቀረ ልጅ የተወሰደለት የገዛ ቤቱ ራት ነበር።

ዛሬ ነገሩ ተገላብጦ ልጁ ወደ ደጃፍ ይመጣል። ነገር ግን የሚመጣው ባዶ እጁን አይደለም። ዘፈኑን አስተውሎ የሰማ ሰው እንደሚያውቀው፣ አውራጁ የቤቱን ባለቤት በስሙ ይጠራዋል፤ ደጁን፣ ግቢውን፣ እልፍኙን ያሞግሳል፤ የሌለውን ላምና ፈረስ ሁሉ ይጨምርለታል። ባለቤቱ የዘገየ እንደ ሆነ ግጥሙ ጥቂት ጥቂት እያለ ወደ ፌዝ ያዘነብላል፤ ንፉግም እንደ ሆነ ጎረቤት እየሰማ ይነገረዋል። ሰጥቶም እንደ ሆነ ከዓመት ዓመት እንዲያደርሰው ተመርቆ ይሰናበታል። በዚህ ዐይነት ዘፈን ውስጥ ባለቤቱ ተመልካች አይደለም፤ የግጥሙ አንድ ክፍል ነው። እርሱ ካልወጣ ግጥሙ ይጎድላል። አውራጁ ልጅ አምሳ ብራችንን ተቀብሎ ‹‹ገና አልጨረስንም›› ያለው ስለዚህ ይመስለናል። እኛ ሒሳቡን የዘጋን መስሎን ነበር፤ እርሱ ግን የጠበቀው ብር ብቻ ሳይሆን ሰው ነበር።

በዚህ ነገር ከቴአትር ቤት ይለያል። በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የሀገር ፍቅርም ሆነ በ1948 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ተከፍቶ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ቤት ለኪነ ጥበባችን ያደረጉት አገልግሎት በዚህ ገጽ ተነግሮ የሚያልቅ አይደለም። ነገር ግን በቴአትር ቤት ተመልካቹ የመግቢያውን ዋጋ በመስኮት ከፍሎ ይገባል፤ በጨለማ ተቀምጦ ያያል፤ መብራቱ ሲበራ ከተዋንያኑ ጋር ያለው ነገር አልቋል። በስሙ የሚጠራው የለም፤ ንፉግ የሚለውም የለም። ይህ ለቴአትር ጥሩ ሥርዐት ነው። ጉዳቱ የሚመጣው ሁሉን ነገር በዚህ ሥርዐት ማየት ስንጀምር ነው። ዛሬ በየሆቴሉ አንድ ዐይነት ልብስ የለበሱ ጐልማሶች በክፍያ ሆያ ሆዬ ሲጫወቱ እናያለን፤ አጨፋፈራቸውም ያማረ ነው፤ በስልካችን ቀርጸን ለወዳጆቻችን እንልከዋለን። በዚያው ሳምንት እውነተኞቹ ልጆች በበራችን ሲቆሙ ዘበኛ እንልክባቸዋለን። ለሥዕሉ የሰጠነውን ጆሮ ለባለቤቱ ነሣነው።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስታውሰው ነገር ከዘፈኑ በኋላ ያለው ነው። በልጅነታችን ከቡድኑ አንዱ ገንዘብ ያዥ ይሆን ነበር። የሚመረጠው ድምፁ ያማረው ወይም ጡንቻው የበረታው አልነበረም፤ ኪሱ ያልተቀደደና ቃሉ የታመነ መሆኑ በቂ ነበር። ሲመሽ በመንገድ መብራት ሥር ወይም በአንዱ ቤት በረንዳ ተሰብስበን ስሙኒውንና ዳቦውን እናፈስስና ክፍያ ይጀመራል። የሚነሣውን ክርክር የፍርድ ቤት ሰዎች ቢሰሙት ባልናቁት ነበር። አውራጁ ጉሮሮው የደረቀ ስለ ሆነ ይጨመርለት? በመካከል የመጣው ከስንተኛው ደጅ ጀምሮ ይታሰብለት? ግጥሙን የማያውቀውና ዱላ ብቻ ሲያነሣ የዋለው ትንሹ ልጅስ ሙሉ ይደርሰዋል ወይስ ግማሽ? አንዳንድ ጊዜ በዱላ ያለቀ ክርክር እንደ ነበረ አንሸሽግም። ሆኖም ከዚያ ወዲህ በብዙ ቢሮና በብዙ ስብሰባ ተቀምጠን ስለ ድልድል ሲነገር ሰምተናል፤ ከዚያ በረንዳ የበለጠ ትምህርት አግኝተናል ብለን ግን ለመናገር አንደፍርም።

በዚያ በረንዳ ላይ የነበሩት ልጆች የአንድ ወገን ልጆች አልነበሩም። የባለሱቁ ልጅ ነበረ፤ የመምህሩ ልጅ ነበረ፤ በሰው ቤት እንጀራ የምትጋግረውም ሴት ልጅ ነበረ። የእስላም ልጆችም ዱላ ይዘው አብረውን ይዞሩ ነበር፤ እኛም በዒድ ቀን ከነሱ ቤት አንጠፋም ነበር። ባለሱቁ ለገዛ ልጁ ዳቦ የሚነፍግ ሰው አልነበረም፤ ልጁም ስሙኒ አጥቶ አልወጣም። ይወጣ የነበረው ሁሉም ስለሚወጣ ነው። የባለሱቁ ልጅ በእንጀራ ጋጋሪዋ ደጅ፣ የእንጀራ ጋጋሪዋም ልጅ በባለሱቁ ደጅ እኩል ቆመው ሲዘፍኑ፣ ከሁለቱ ማንኛው ለማኝ፣ ማንኛው መጽዋች ነው ለማለት የሚችል አልነበረም።

ወደ ልጃችን ጥያቄ የሚመልሰንም ይኸው ነው። ‹‹የኛ ልጅ አይለምንም›› ያልነው እኛ ብቻ አይደለንም። ከሥራ ባልደረቦቻችን ጋር ስንነጋገር ብዙዎቹ ይኸንኑ ቃል ለልጆቻቸው እንደ ተናገሩ አረጋግጠናል። የተናገሩትም ከክፋት አይደለም፤ ልጃቸው ተከብሮ እንዲኖር ስለሚመኙ ነው። ነገር ግን የሚያስከትለውን እንመልከት። ደኅና ገቢ ያለው ሁሉ ልጁን ከቤት ባስቀረ ጊዜ፣ በየደጁ የሚዞረው የድኻ ልጅ ብቻ ይሆናል። የድኻ ልጅ ብቻ የሚዘፍነው ዘፈን ደግሞ፣ ዜማውና ግጥሙ ሳይለወጥ፣ በሰሚው ጆሮ ልመና ይሆናል። እንግዲህ ሆያ ሆዬን ልመና ያደረገው የጎረቤታችን ልጅ መምጣት አይደለም፤ የኛ ልጅ መቅረት ነው። አስቀድመን አዋረድነው፤ ኋላም የተዋረደ ነገር ነውና ለልጃችን አይገባም አልን።

በርግጥ ከዚህ ተቃራኒ የሚነገረውን ሳንሰማ ማለፍ አይገባንም። መምህራን ወዳጆቻችን፣ በቡሔ ሰሞን ጢም ያወጡ ጐረምሶች መኪና እያስቆሙ፣ መስተዋት እየደበደቡ ገንዘብ እንደሚጠይቁና የሰበሰቡትንም በመጠጥ ቤት እንደሚጨርሱት ይነግሩናል። እውነት ነው፤ እኛም በገዛ መኪናችን ደርሶብናል። በዚህ ዐይነት የሚጠየቅ ገንዘብ ድርሻም፣ ዋጋም፣ ምጽዋትም አይደለም፤ ሌላ ስም አለው። ነገር ግን ጐረምሳው ወደ መንገድ የወጣው ደጆች ከተዘጉ በኋላ መሆኑም ሊታሰብ ይገባዋል። ደጃፍ ላይ የቆመ ልጅ አባቱን የሚያውቅ ሰው ሊያየው ይችላልና ይጠነቀቃል፤ አውራ ጎዳና ላይ ግን ማንም ማንንም አያውቅም። ጥፋቱን በጐረምሳው ላይ ብቻ ጥሎ መሄድ ለኛ ለደጅ ዘጊዎቹ የሚመች ፍርድ ነው።

ደጅ የመዝጋቱ ምክንያት ሁሉ ደግሞ ከልባችን የመጣ አይደለም፤ ከተማው ራሱ ተለውጧል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የጋራ መኖሪያ ቤቶች በብዛት መሠራት ከጀመሩ ወዲህ፣ በግቢ በር የተለያዩ ሰዎች በደረጃ ተደራርበው ይኖራሉ። በየሰፈሮቹ ለድግስና ለኀዘን የሚሆኑ የጋራ መገልገያ ቤቶች ተሠርተዋል፤ ልጅ ቆሞ የሚዘፍንበት ደጃፍ ግን በአራተኛው ፎቅ የት ነው? በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በፒያሳ ዶሮ ማነቂያንና ሌሎች ነባር ሰፈሮችን ለልማት በማፍረሱ ሥራ፣ ለብዙ ዘመን አብረው የኖሩ ጎረቤቶች ወደ ልዩ ልዩ ሥፍራ ተዛውረዋል። መንገዱ መስፋቱና መብራቱ መብዛቱ ለሚያየው ሁሉ ግልጥ ነው። ነገር ግን አውራጅ ያለ ጎረቤት ስም ምን ያወርዳል? የሚጠራው ስም ከማያውቀው ሰው ደጅ ሲቆም፣ እርሱም በውነት ከለማኝ የሚለየው ነገር ያንሳል። ከግንባችን ጀርባ ያሉት የጭቃ ቤቶችም ተራቸው መቼ እንደሚደርስ የሚያውቅ የለም።

ነገሩ በቡሔ ብቻ አይቆምም። ከዚያ ሦስት ሳምንት ጥቂት አለፍ ሲል እንቁጣጣሽ ይመጣል፤ ሴቶቹ ልጆች ከበሮና አደይ አበባ ይዘው አበባየሆሽ ሲሉ፣ ወንዶቹ በቀለም የሣሉትን አበባ ይዘው ደጅ ይመታሉ። ሥዕሉን የተቀበለ ሰው ብሩን ሰጥቶ ወረቀቱን ወዲያው ሲጥለው አይተናል። በልጅነታችን ግን ያ ሥዕል በግድግዳ ተለጥፎ፣ ጢስ ጠጥቶ እስኪጠቁር ከርሞ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ሥዕል ቦታውን ይለቅ ነበር። ሣዩ ልጅ ውኃ ሊጠጣ ወይም መልእክት ሊያደርስ በገባ ቁጥር የእጁን ሥራ ያየው ነበር። በዚያን ጊዜ የተሰጠው ስሙኒ የሥዕሉ ዋጋ ነው የሚል አልነበረም፤ ዋጋውስ ቢሆን ግድግዳው ላይ መዋሉ ነው።

በ2017 ዓ.ም. ነሐሴ ሲገባ ልጃችን ጥያቄውን ደገመ። ‹‹ሂድ›› ለማለት ያሰብነውን ያህል ቀላል አልነበረም። ከማን ጋር ይሂድ? ከግንቡ ጀርባ ያሉትን ልጆች አያውቃቸውም፤ እነርሱም አያውቁትም፤ ትምህርት ቤታቸውም ሌላ ነው። በመጨረሻ ነገሩን የፈጸመልን ዘበኛው ነው። አውራጁን ልጅ በስሙ ያውቀው ኖሯል፤ አስጠራውና አስተዋወቃቸው። አውራጁ ልጃችንን ከእግር እስከ ራሱ ተመለከተውና ‹‹መቀበል ትችላለህ?›› ብሎ ጠየቀው። ልጃችን እችላለሁ አለ፤ አይችልም ነበር። ሦስት ቀን በግንቡ ጥግ ሲለማመዱ ሰነበቱ።

በዋዜማው ምሽት በየደጁ ዞረው ሲያበቁ ወደኛ በር መጡ። እኛም በዚህ ጊዜ ወርደን በደጃፉ ቆምን፤ አጠገባችን ከነበሩት ጎረቤቶችም ጥቂቶቹ በረንዳ ላይ ወጡ። አውራጁ ስማችንን ጠራው፤ ማን እንደ ነገረው ግልጥ ነው። የሌለንን በሬ፣ የሌለንን ፈረስና ባለ አራት ፎቁን ሕንፃ ሁሉ የኛ አደረገልን። ባለፈው ዓመት ከገበታ ያልተነሣ ሰው የሚባል ነገርም በመካከሉ ጣል አደረገ፤ ጎረቤቶቻችን ሣቁ፤ እኛም እንሣቅ ወይስ አንሣቅ ብለን ጥቂት ተቸገርን። እስኪጨርሱ ቆምን።

እናቱ የጋገረችው ሙልሙል ሰባት ነበር፤ ልጆቹ ዐሥራ አንድ ሆነው መጡ። ገንዘብ ያዡ፣ ጫማው ክር የሌለው ቀጭን ልጅ፣ ሰባቱን ዳቦ ተቀብሎ ጥቂት አሰበና አራቱን ለሁለት ለሁለት ቆረሳቸው። ሦስቱን ሙሉ ለሦስቱ ትንንሾች ሰጠ፤ ግማሽ ግማሹን ለስምንቱ አደለ። እናቱ ልጃችን ሙሉ እንዲደርሰው በዐይኗ ትጠቅሰው ነበር፤ ገንዘብ ያዡ አላያትም፤ ወይም እንዳላየ ሆነ። ልጃችን ግማሹን ዳቦ በአንድ እጁ፣ ዱላውን በሌላው ይዞ፣ እየበላ ከነሱ ጋር ወደሚቀጥለው በር ሮጠ።